በማዕድ ላይ የተሸሸገ ድምፅ

«ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ ወይስ ኮርኒሱ?» ብለው የጠየቁኝ፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ ዕድሜያቸውን ቅኔ በማስተማር ያሳለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸው እንዲነሣ ስለማይወዱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተማሪዎቻቸው እንደሚጠሯቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ጥያቄያቸውን በሰማሁ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር፣ በምግብ ቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያ መትከል የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ታየኝ። ሰው የሚሰጠው ቃል የራሱ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው የጥንት ጥያቄ በዚያ ኮርኒስ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማች፣ አባታቸው በተወላቸው የቤት ቦታ መተላለፊያና በቦታው ጠርዝ በበቀለ ባሕር ዛፍ ምክንያት ተጣልተው፣ ሁለት ዓመት ያህል የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ኖረዋል። ታናሹ ኑሮውን አዲስ አበባ ያደረገ ነው፤ ታላቁ ከአባቱ ደጅ ያልራቀ ሰው ነው። የዘመድ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው በተነሡ ጊዜ ታናሹ «ከወንድሜ ቤት ውኃ አልቀምስም» አለ፤ ታላቁም «እሱ ካረፈበት ቤት እግሬ አይገባም» አለ። ስለዚህ የአንዳቸውም ያልሆነ ስፍራ ተፈልጎ፣ በከተማው ካሉት ምግብ ቤቶች በአንደኛው የውስጥ ክፍል እንዲገናኙ ተደረገ። እኔም በዝምድና ምክንያት ከሽማግሌዎቹ ግርጌ ተቀምጬ ነበር።

በክፍሉ ውስጥ ሙዚቃ መኖሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ማሲንቆና ዋሽንት ያለ ቃል እጅግ ዝግ ብለው ይሰማሉ፤ ከየት እንደሚመጡ ግን አይታወቅም። ከግድግዳው ነው ሲሉት ከግድግዳው፣ ከወለሉ ነው ሲሉት ከወለሉ የሚመጣ ይመስላል። ነገሩ በቀረበ በሁለተኛው ሰዓት፣ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በጠባዩ ጽናት የሚታወቀው ታላቅ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «መተላለፊያውንም ይውሰደው፤ ባሕር ዛፉንም ይውሰደው፤ ወንድም የለኝም እያልሁ መኖር ሰልችቶኛል» አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ተነሥተው ተሳሳሙ፤ ወረቀትም ተጻፈ፤ የኔታ መረቁ።

ስንወጣ የቤቱ ባለቤት ደጃፉ ላይ ተቀብሎ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። ደስታውን ሊያካፍለን ፈልጎ ይመስለኛል፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ይኸን ድምፅ ያስገባሁት ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ነው። ሰው ልቡ ይረጋጋል፤ ቶሎ አይነሣም፤ አንድ ያዘዘው ሁለት ያዛል» አለ። ይህን ሲናገር ክፋት አልነበረበትም፤ ወጡ ጥሩ እንደ ሆነ የሚናገር ሰው መልክ ነበረው። ታላቁ ወንድም ግን ቀና ብሎ ኮርኒሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ነጭ ጂፕሰም ነው፤ ምንም የሚታይ ነገር የለበትም።

በሦስተኛው ቀን ይኸው ሰው ከየኔታ ደጅ ደረሰ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ «የኔታ፣ ቃሌን አላጥፍም። ነገር ግን ያን ቃል የተናገርሁት እኔ ስለ መሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ቤቴ ሆኜ ሳስበው ያ ልብ አልመጣልኝም» አላቸው። የኔታ ይህን ሲያጫውቱኝ፣ «ሰይጣን አሳሳተኝ የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ፤ ጽድቅ አሳሳተኝ የሚል ግን ይኸ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ቀጥለውም ከላይ የጻፍሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

ሥራን ሳያውቁ በሠሪው ላይ መፍረድ አይገባምና፣ ድምፁን ያበጀውን ወጣት ፈልጌ አነጋገርሁት። እንደ ነገረኝ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ቀድሞ የነበረው ከበሩ በላይ የተሰቀለ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ድምፅ ገላጣ ስፍራ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይደክማል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ የሚወጣ ድምፅ ዳር ካለው ገበታ እንዲደርስ ከተፈለገ አጠገቡ ያለውን ሰው ማሠቃየት ግዴታ ይሆናል። ወጣቱ ያን አውርዶ መዳፍ የሚያህሉ ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎችን በኮርኒሱ ውስጥ በየቦታው ቀበራቸው። እያንዳንዳቸው የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ነገር ግን ከማንኛውም ገበታ አጠገብ አንድ አለ።

አቅጣጫው የሚጠፋበት ምክንያትም አለው። ሔልሙት ሐስ የተባለ ጀርመናዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ ሲመጣ ጆሮ የሚያምነው ቀድሞ የደረሰውን ነው፤ ኋላ የደረሰው ጥቂት ቢበረታ እንኳ ከመጀመሪያው የመጣ ይመስለዋል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ የሴኮንድ መቶኛ ማለት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መሐንዲሶች በዚህች ቅንጣት ጊዜ እየተጠበቡ፣ አንዱን ድምፅ ማጉያ ጥቂት በማዘግየት ጆሮ ወደ ፈለጉት ወገን እንዲዞር ያደርጋሉ። ከየአቅጣጫው አከታትለው በልክ ሲያደርሱት ደግሞ ጆሮ የሚይዘው መነሻ ያጣና ሰውየው በድምፅ ውስጥ የተነከረ ይመስለዋል። ወጣቱ ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሥራዬ ጥሩ ሲሆን የሚያመሰግነኝ የለም፤ ሲበላሽ ብቻ ነው የምታወቀው» አለኝ። ይህ አነጋገር ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችን ያጽናና ይሆናል።

ስለ ቤቱ ጠባይም ጥቂት ልናገር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የጮቄ ነፋስም ስለማይለያት፣ ሰው የሚበላው መስኮቱን ዘግቶ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚመጣው መንገደኛ ለምሳ እዚያ ስለሚያርፍ ምግብ ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። አባቶቻችን ይበሉበት የነበረው ቤት ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ሣር፣ ወለሉ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ነበር፤ እንግዳውም ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ድምፅን ይጠጣል። የዛሬው ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስታወት ግን የተነገረውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። ዋላስ ሳቢን የተባለው የሐርቫርድ መምህር ከ1895 ጀምሮ፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ ሲመረምር፣ ሌሊት ሌሊት የቴያትር ቤት ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ በመለካት ይህን ነገር በሒሳብ አስረዳ። የኛ ሰው ሒሳቡን ባያውቅም ጋቢውን ከትከሻው አላወረደም ነበር።

በእንዲህ ያለው ጠንካራ ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ኤትየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እንደ ጻፈው፣ ሰው በጩኸት መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ገበታ ከፍ ሲል ጎረቤቱ ይበልጠዋል፤ ባለቤቱም ሙዚቃው አልተሰማም ብሎ ይጨምርበታል። በዚህ መካከል የሚጎዳው ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ነው። ከልጁ ጋር ሊጫወት መጥቶ የልጁን ከንፈር ሲመለከት ቆይቶ ይመለሳል። እንግዲህ ድምፅን ከፋፍሎ ዝቅ ማድረግ፣ መሣሪያውንም ከእንግዳ ዐይን መሰወር፣ በራሱ ጨዋነት እንጂ ተንኮል አይደለም። ጥሩ አስተናጋጅ ትሪውን ሲያነሣ እንደማይታወቀው ማለት ነው። የወጣቱን ሥራ በዚህ በኩል ያየሁት እንደ ሆነ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ነገር ግን ይህ ጥበብ ሌላ ሥር አለው። ጆርጅ ስኳየር የተባለው አሜሪካዊ ጄኔራል ሙዚቃን በሽቦ ወደየቤቱና ወደየሥራ ቦታው ለማድረስ ያቀደበት ድርጅት በ1934 ሙዛክ የሚል ስም ወጣለት። ይኸው ድርጅት ኋላ ለሥራ ቦታዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም 15 ደቂቃ ሙዚቃው ቀስ በቀስ እየጠነከረ ሄዶ 15 ደቂቃ ዝም የሚል ነበር፤ ዓላማውም ሠራተኛው ሳይታወቀው እንዲተጋ ነው። ሮናልድ ሚሊማን የተባለ የንግድ ጥናት መምህር ደግሞ በ1986 ባሳተመው ጥናት አንድን ምግብ ቤት መርምሮ፣ ሙዚቃው ዝግተኛ ሲሆን ተመጋቢዎች በአማካይ 56 ደቂቃ፣ ፈጣን ሲሆን 45 ደቂቃ እንደሚቆዩ አሳየ። ለምግብ ያወጡት ገንዘብ ብዙም አልተለያየም፤ ለመጠጥ ያወጡት ግን በዝግተኛው ጊዜ በለጠ። ባለቤቱ ደጃፍ ላይ የነገረን ይህንኑ ነው፤ ጥናቱን ሳያነብ ከገንዘብ መቀበያው ሣጥን ተምሮታል።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ኤድሪያን ኖርዝና ባልደረቦቹ በ1997 ያወጡት ነው። በእንግሊዝ አገር በአንድ ሱፐርማርኬት የወይን ጠጅ መደርደሪያ አጠገብ አንድ ቀን የፈረንሳይ፣ አንድ ቀን የጀርመን ዘፈን አሰሙ። የፈረንሳይ ዘፈን በተሰማበት ቀን የፈረንሳይ ወይን፣ የጀርመን ዘፈን በተሰማበት ቀን የጀርመን ወይን በብዛት ተሸጠ። ገዢዎቹ ሲጠየቁ ግን ሙዚቃው እንደ ነካቸው ያመኑት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ምክንያት አላጡም፤ የየራሳቸውን ምክንያት ሰጡ፤ ለነሱም እውነት ነበር። ታላቁ ወንድም ከኮርኒሱ በታች ያየው ጥላ ይህ ነው። እንባው የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ ምክንያቱ የራሱ መሆኑን ግን ማን ያረጋግጥለት?

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። ኤሪክ ሳቲ የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማንም ልብ የማይለው «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» የሚባል ነገር አሰበ። በ1920 በፓሪስ በአንድ የቴያትር ዕረፍት ጊዜ ይህ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ሕዝቡ ዝም ብሎ ማዳመጥ ስለ ጀመረ ደራሲው ራሱ በመካከላቸው እየዞረ «ተናገሩ፤ ተራመዱ፤ አታዳምጡ!» እያለ ይለምን ጀመር። ሙዚቀኞቹ በሥጋ በአዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ሲጫወት እየሰማ አላይም፣ አልሰማም የሚል ደግሞ ጥቂት ነው። ሳቲ ያልሆነለት ለሽቦውና ለኮርኒሱ ሆነላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «እንግዲያስ የማይታይ ድምፅ ሁሉ ሊወገዝ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ለየኔታ ይህንኑ ብዬ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቄሱ የሚቀድሰው በመቅደሱ መጋረጃ ተጋርዶ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ መልኩ አይታይም። በቅጽሩ ውስጥ የቆመው ሕዝብ ልቡ ሲነካ ተታለለ የሚል ማንም የለም። የኔታ መልሳቸውን አላዘገዩም። «ሕዝቡኮ ተሰጥኦ ይመልሳል» አሉኝ። ቄሱ ከመጋረጃው ውስጥ ይላል፣ ሕዝቡ ከውጭ ይመልሳል፤ ሕዝቡ ዝም ቢል ቅዳሴው አይሄድም። መጋረጃው የሚከልለው ዐይንን ነው እንጂ ምልልሱን አይደለም።

ከዚያም ወደ ራሳቸው ሞያ አመጡት። ጎጃም ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ይዞ በቅኔ የታወቀ አገር ነውና በዚህ ጉዳይ ከነሱ በላይ የሚናገር የለም። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል። ይሁን እንጂ ባለቅኔው የሚሸሽገው እንዲገኝለት ነው። ሰሚው አንገቱን ሰብሮ ያስባል፣ ይስታል፣ ይመለሳል፣ ሲያገኘውም «ይበል!» ይላል። ወርቁ ሳይገኝ የቀረ ቅኔ ለባለቤቱ ሐዘን ነው። የምግብ ቤቱ ድምፅ ግን የሚሸሸገው እንዳይገኝ ነው፤ የተገኘ ዕለት ሥራው ተበላሸ ይባላል። ሁለቱም መሸሸግ ይባላሉ፤ አንዱ ግን ሰሚውን ለማሠራት ነው፣ ሌላው ሳያሠራ ለማሳለፍ። የኔታ ይህን ሲናገሩ እንደ ተማሪ ቆጠሩኝና «ገባህ?» አሉኝ፤ ገብቶኛል አልሁ።

እኔ በበኩሌ አዝማሪውን አሰብሁ። በጠጅ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከፊት ይቆማል። ግጥም ይሰጡታል፣ ተቀብሎ ይዘፍናል። ያወድስሃል፤ የሚያወድስህ ብር እንድትሰጠው መሆኑን እሱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ቤቱም ሁሉ ያውቃል። ስትኮራ ይነካካሃል፤ ስትከፋ ዜማውን ይለውጣል፤ «ይብቃህ» ስትለው ወደሚቀጥለው ገበታ ያልፋል። ልብህን ሊወስድ መጥቶ ልብህን ሲወስድ እያየኸው ነው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ሲበሉና ሲጠጡ በነጠላ ወይም በመጋረጃ መከለል ልማድ ነበር፤ የሚበላው ተሸፍኖ የሚዘፍነው ይታይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ የሚበላው በመስታወት ቤት ውስጥ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ የሚዘፍነው ተሸፈነ።

ራዲዮም መልክ የሌለው ድምፅ ነው። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በኢትዮጵያ ራዲዮ በተሰማ ጊዜ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ስንት ሰው አለቀሰ! ያ ድምፅም ከሣጥን ውስጥ ይወጣ ነበር። ግን ሰው ወደ ሣጥኑ ዞሮ፣ ሥራውን ትቶ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቶ ነበር የሚሰማው። ያለቀሰውም ስለ ምን እንዳለቀሰ ለጎረቤቱ መንገር ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ከራሴ ጋር የተከራከርሁበትን መደበቅ አይገባኝም። ሰውን የሚነካው ሙዚቃ ብቻ አይደለም። የቡናው ሽታ ይነካል፤ ዕጣኑ ይነካል፤ ሽማግሌዎች ራሳቸው ነገር የሚያቀርቡት ሰው ከበላና ከጠገበ በኋላ ነው፤ እልህ የያዘውን ሰው ከአቦል እስከ በረካ ያቆዩት ዘንድ ቡና ያስፈላሉ። ይህ ሁሉ ልብን የማለዘብ ዘዴ ካልሆነ ምንድን ነው? ከዚህም ይብሳል፤ ያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሙን የጠላበት ልብስ የራሱ ብቻ ነበርን? ጎረቤት ሲያጋግለው፣ «ተበለጥህ» ሲለው፣ የሚስቱ ወንድሞች ሲገፉት ኖሯል። ጥላቻውን ማን እንዳበሰለው ሳይጠይቅ ኖሮ፣ ይቅርታውን ማን እንዳበሰለው ሲመረምር መገኘቱ አድልዎ አለበት። ቤቴ ሆኜ ሳስበው ያ ልብ አልመጣልኝም ያለውም ቤቱ ራሱ ዝምተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ የቤቱም ግድግዳ የሚለው አለው።

ስለዚህ ማንም ሳይነካው የሚፈርድ ንጹሕ ልብ እንፈልግ ብንል አናገኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ጠጅ የጠጣ ሰው በማግሥቱ «ጠጁ ነው ያናገረኝ» ብሎ ከቃሉ ላይ የጠጁን ድርሻ መቀነስ ይችላል፤ ብርጭቆውን አይቶታልና። ቡና ያፈላችለትን ሴት ያውቃታል፤ ጎረቤቱንም አንድ ቀን «አንተ ነህ ያጣላኸኝ» ሊለው ይችላል። የነካውን ያወቀ ሰው ከነካው ጋር መከራከሪያ አለው። ሳያውቀው የተነካ ሰው ግን ክርክሩን የሚያደርገው ከራሱ ጋር ነው፤ በራሱም ላይ እምነት ያጣል። ታላቁ ወንድም ያጣው መተላለፊያውን አይደለም፤ ለገዛ ደግነቱ የነበረውን እምነት ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ በራሱ ደግነት ያላመነ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ደግ ለመሆን ይፈራልና።

ታዲያ የድምፅ አበጁ ዕዳ ምንድን ነው? መሣሪያውን ከኮርኒስ አውጥተህ እንደ ሰንደቅ ስቀል አልለውም። ድምፁን ይሸሽግ፤ ሐሳቡን ግን አይሸሽግ። እንግዳ «ይኸ ነገር ከየት ነው? ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቱ ሳያፍር የሚመልሰው መልስ ይኑረው፤ «ዝቅ አድርጉልን» ሲልም የሚሰማ ጆሮ ይኑር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚል እንግዳ ጥቂት ነው። ሪዩኢቺ ሳካሞቶ የተባለው ጃፓናዊ የሙዚቃ ሊቅ በኒውዮርክ ካጂትሱ በተባለው ምግብ ቤት ምግቡን ወድዶ ሙዚቃውን ስለ ጠላ፣ ለወጥ ቤቱ አለቃ ጽፎ ሙዚቃውን ራሱ ያለ ክፍያ እንደ መረጠለት በ2018 በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። መልካም ነው፤ ነገር ግን የጻፈው ሰው ሳካሞቶ ባይሆን ኖሮ ደብዳቤው ይነበብ ነበር ወይ? ከቢቸና ወይም ከደንበጫ የመጣ ገበሬ በውድ ወንበር ላይ ተሸማቅቆ ተቀምጦ «ጌታዬ፣ ይኸን ድምፅ አጥፋልኝ» ሊል የሚደፍርበት ቤት ነው እኔ ጨዋ ቤት የምለው።

የኔታ ግን በእንዲህ ያለ ሐተታ ጊዜ አላባከኑም። ታናሹ ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ ሁለቱን ወንድማማች እንደገና አስጠሩና በዚያው ቤት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር አስቀመጧቸው። ባለቤቱን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ድምፁን አጥፋልን» አሉት። ሰውየው ግራ ተጋባ። ለካ ለዚያ ክፍል ለብቻው ማጥፊያ አልተሠራለትም ኖሯል፤ የክፍሉን ለማጥፋት የቤቱን ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሰዓቱ ምሳ ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል። «የኔታ፣ ደንበኞቼ…» ብሎ ጀመረና የኔታን ፊት አይቶ ሄደ።

ድምፁ ጠፋ። በትልቁ አዳራሽ ሲጫወት የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። እጁ ከትሪው ላይ የነበረው እጁን አቆመ፤ ብዙዎቹም ቀና ብለው ኮርኒሱን ተመለከቱ። ከዚያ በፊት ሙዚቃ መኖሩን ያወቀ ከመካከላቸው ስንት እንደ ነበረ እንጃ። ወንበር ሲንቀጫቀጭ፣ ከወጥ ቤቱ ማንኪያ ሲወድቅ፣ ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ሲጮኽ ተሰማ።

የኔታ ታላቁን ወንድም «በል፣ አሁን ተናገር» አሉት። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። በሩ ክፍት ስለ ነበር አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል፤ ይህንንም ያውቃል። «መተላለፊያውን ሰጥቻለሁ» አለ። ቀጥሎ ዝም አለ፤ በጣም ረጅም ዝምታ ነበር። «ባሕር ዛፉን ግን አልሰጥም። አባባ ሲተክሉት ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ።» ታናሹ ወንድሙን ተመለከተው፤ ከዚያም «ውኃውን የቀዳኸው አንተ ነህ፤ ይሁን» አለ። ወረቀቱ ተቀዶ ሌላ ተጻፈ። ከአዳራሹ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ማን እንደ ሆነች አላወቅንም።

ባለቤቱ ድምፁን መልሶ ከፈተ። በሳምንቱ ወጣቱ መሰላሉን ይዞ መጥቶ ለዚያ ክፍል የብቻው ሽቦ ዘረጋለት፤ ማጥፊያውንም ከበሩ አጠገብ፣ ተቀምጦ ያለ ሰው እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቁመት ላይ ተከለው። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ስለ ወጪው ያማርራል።